ውሃ በጀልባ ይገባባት የነበረች አገር

መግሪብ ደርሶ በተምርና በውሃ ስናፈጥር ስለ ውሃው ብዙም አናስብም። የቀድሞዎቹ ኩዌቶች ግን ያስቡ ነበር።

ኩዌት ወንዝ የላትም። የጉድጓዶቿ ውሃ ጨው ጨው ስለሚል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጠጥ ውሃ ከሻጥ አል-ዐረብ ወንዝ በጀልባ ተጭኖ ይመጣና በየሰፈሩ ይሸጥ ነበር። የብዙው ሰው እንጀራ የባሕር ዕንቁ ነበር። ጠላቂው በሞቃቱ ወራት አፍንጫውን ቆንጥጦ፣ እግሩን በድንጋይ አክብዶ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል። ለቤተሰቡ መቆያ ከጀልባው አለቃ ይበደራል፤ ዕንቁ ካልቀናው ዕዳው ለከርሞ ያድራል፤ ቢሞትም ለልጁ ሊተርፍ ይችላል። የጃፓን እርባታ ዕንቁና የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ሲደራረቡ ይህም ገበያ ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በ1938 በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ። ጦርነቱ ሥራውን ስላዘገየው የመጀመሪያው ጭነት የወጣው በ1946 ነው። በ1953 የባሕር ውሃን የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ውሃ ሻጩም ቀስ በቀስ ጠፋ። ለዜጎች ትምህርትና ሕክምና በነጻ ሆነ። ከተማዋን የከበባት የጭቃ ግንብ በ1957 ፈርሶ በምትኩ ሰፋፊ መንገዶችና ቪላዎች ተተኩ። በ1961 ኩዌት ለሌሎች አገሮች ልማት የሚያበድር ፈንድ አቋቋመች። ወንዶች የሚሰባሰቡበት ዲዋኒያ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም በረመዷን ሌሊቶች ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ ይዘያየራሉ።

ይህ ሁሉ የአላህ ጸጋ ነው፤ ጸጋ ደግሞ ጥያቄ አለበት። ነዳጁ የጠላቂውን ቤት ከዕዳ አወጣው። ዛሬ በዚያው ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ የኢፍጣሩን ሾርባ የምታማስለው ከእኛ ወይም ከሌላ አገር የሄደች እህት ናት። ብዙዎቹ እንደ ጠላቂው ተበድረው የወጡ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ጾመኞች አሉ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ለቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍት የሚሰጥና የሥራ ሰዓታቸውን የሚገድብ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ማዕድ ቤት ድረስ የሚገባው ግን በባለቤቱ ተቅዋ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ደመወዝ ሳይዘገይ እንዲከፈል፣ ከምንበላውም እንድናበላ አስተምረውናል።

ትምህርቱ ለባሕረ ሰላጤው ብቻ አይደለም። እኛም ቤት ሠራተኛ አለች፤ እኛም ቤት ማዕድ ይሞላል። ዛሬ ማታ ስናፈጥር እሷም ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ታፍጥር። ደመወዟንም ሳንጠየቅ፣ ከዒድ በፊት እንስጣት። አላህ ጸጋውን ከሹክር ጋር ይወፍቀን። አሚን።