የአሰላ ካቶሊኮች ማርያም ከጣሊያን ጦር ጋር ነው የመጣችው?

“ካቶሊክ እኮ የጣሊያን ሃይማኖት ነው” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው? ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሰላ ላይ የሠሩት ካቶሊክ ሚሲዮናውያን “ኮንሶላታ” ይባላሉ። ስሙ የማርያም ነው፤ ትርጉሙ “የተጽናናችው”። በሰሜን ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ በዚህ ስም የምትከበር ሥዕል አለች። የዚያ መቅደስ ኃላፊ አባ ጁዜፔ አላማኖ በ1901 ማኅበሩን መሠረቱ። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መላክ ነበር። መንገዱ አልከፈት ሲል በ1902 የመጀመሪያዎቹን በእንግሊዝ ሥር ወደነበረችው ኬንያ ላኩ። ኢትዮጵያ የገቡት በ1916 ነው፤ ያውም አባ ጋውደንሲዮ ባርላሲና ነጋዴ መስለው!

እዚህ ድረስ ጦር የለም። በ1936 ግን ነገሩ ተቀየረ። ፋሺስቱ መንግሥት የሌላ አገር ሚሲዮናውያንን እያስወጣ ለጣሊያናውያኑ በሩን ከፈተ። ኮንሶላታዎችም ሥራቸውን አሰፉ። ጣሊያን በ1941 ሲሸነፍ እነሱም አገር ለቀው ወጡ። ጥርጣሬው እንዲሁ ከመሬት አልተነሳም ማለት ነው።

የአርሲው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ኮንሶላታዎች የተመለሱት በ1970 ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ያለ ጦር። በአሰላ ቤተክርስቲያን፣ በጋምቦ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ይዘው ሠሩ። ዛሬ አርሲ በመቂ ሀገረ ስብከት ሥር ነው።

የማርያም ፍቅርስ? እሱ ከቱሪን አልመጣም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዓላቷ እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በቤተክርስቲያን እንዲነበብ አዘዋል። ከተአምረ ማርያም ታሪኮች ብዙዎቹ ደግሞ መነሻቸው አውሮፓ ነው፤ በዐረብኛ በኩል አልፈው ነው ግዕዝ የሆኑት። ማንም በጉልበት አልጫናቸውም።

ሌላም አለ። ኢየሱሳውያን የሮሟን የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ አመጡ። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ሰዎቹን አባረሩ፣ ሥዕሏ ግን ቀረች። እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ በየቤተክርስቲያኑ የምናያት ማርያም ከዚያ የመጣች ናት። ሠዓሊዎቻችን የራሳቸው አደረጓት።

አርሲም ባዶ መሬት አልነበረም። ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በአቴቴ ሥርዓት ለልጅና ለዝናብ ሲለምኑ ኖረዋል። ለአካባቢው ሙስሊም ደግሞ መርየም እንግዳ አይደለችም፤ የቁርአን 19ኛው ሱራ በስሟ ይጠራል።

ስለዚህ “የጣሊያን ነው” የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከአምስቱ ዓመት ወረራ ጋር የተነካካ ታሪክ አለ፤ መካድ አያስፈልግም። ግን በዚያ ብቻ የዛሬውን የአሰላ ምእመን “የባዕድ” ማለት ልክ አይደለም። እምነት በማን መርከብ እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከመጣ በኋላ ማን የራሱ እንዳደረገውም አብረን እንጠይቅ።