የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆችና የሌሊት እንቅልፋቸው

የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅዎ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠትዎ የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ሊጠበቅለት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሌሊት እንቅልፉ ነው።

ይህ በሽታ የሚነሣው በአንጎል ውስጥ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት ሥርዓቱን ሲለቅ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ኃይል በመሣሪያ መመዝገቡን በ1929 እ.ኤ.አ. ካስታወቀ ወዲህ፣ ሐኪሞች አንጎል ሲነቃና ሲተኛ ያለውን ልዩነት ለመመርመር ችለዋል። አንዳንዶቹን ልጆች በሽታው የሚጥላቸው አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ነው፤ ሌሎቹን ደግሞ ማለዳ እንደ ነቁ ነው። በጉርምስና ዕድሜ በሚጀምረው አንደኛው ዓይነት፣ ወጣቱ ጧት ሲነሣ ክንዱ በድንገት እየዘለለ የያዘው ብርጭቆ ይወድቅበታል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ እንደሆነም ይብስበታል።

እንግዲህ የእንቅልፍ ማነስ በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ በሽታውም በተራው እንቅልፍ ይነሣል። እንደ ፌኖባርቢታል ያለው መድኃኒትም በቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ የሚያንጎላጅ ተማሪ ምክንያቱ ሳይመረመር ሰነፍ ተብሎ አይፈረድበት።

ልጁ ምላሱ ተነክሶ፣ አልጋው ርሶ፣ ራሱን እያመመው ወይም ግራ ተጋብቶ ቢነሣ፣ ሌሊት ጥሎት ሊሆን ይችላል። እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነም ለሐኪም ይነገር። ያዩትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደብተር መጻፍ ሐኪሙን በብዙ ይረዳዋል። መድኃኒቱ አፈዘዘው ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ያመጣል።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። የመኝታውና የመነሻው ሰዓት በዕረፍት ቀንም አይለዋወጥ፤ የእጅ ስልኩም ከአልጋው ይራቅ። በፈተና ሰሞን ተማሪው ሲያጠና ሊያነጋ ቢፈልግ፣ ትጋቱን አመስግነው መብራቱን ያጥፉለት፤ የዓመት ድካሙ በፈተናው ማለዳ በሚነሣ ሕመም እንዳይቀርበት።

ሌሊት የጣለው እንደሆነ በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉ ምንም ነገር አያግቡ፤ የክብሪት ጢስ ማሽተትም አይጠቅመውም። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

የመድኃኒቱን ፍሬ ቆጥረው እንደሚሰጡት ሁሉ፣ የእንቅልፉንም ሰዓት ቆጥረው ይጠብቁለት።