ስለ «ቁጥጥር» ፍቺ፤ የመንግሥት የፍትሐ ብሔር ክርክር ወጪን በሚመለከት

«ቁጥጥር» ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን ደርቦ ስለሚይዝ ተርጓሚን ያሳስታል። አንደኛው የሌላውን ሥራ መርምሮ መልስ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ሥራውን ራሱን ማዘዝ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት የማጽደቅ፣ ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቷል። ይህም የመጀመሪያው ፍቺ ነው።

ለምሳሌ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ ስላለ ይዞታ ካሳ እንዲከፍል ቢከሰስ፣ ምክር ቤቱ ለክርክሩ የወጣውን ገንዘብ ይመረምራል፤ ነገረ ፈጁ ይታረቅ ወይስ ይሟገት ብሎ ማዘዝ ግን በአንቀጹ አልተጻፈም። እንግዲህ ለመጀመሪያው «የወጪ ክትትልና ምርመራ»፣ ለሁለተኛው «አመራር» ቢባል ይመረጣል። አለዚያ ትርጉሙ ክርክሩን ከችሎት ወደ ምክር ቤት ያዛውረዋል።