ዘፋኙ ራሱ ሲመርጥ



ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እንደምታውቁት የማስተማር ልምምዳችን የሚገመገምበት ቀን ደርሷል። እያንዳንዳችንም በገምጋሚው መምህር ፊት የምናቀርበውን አንድ ትምህርት እንድንመርጥ ተነግሮናል። አንዱ ጓደኛችን «ምን ያስጨንቃል? ልጆቹ አብጠርጥረው የሚያውቁትን ይዞ መግባት ነው። እጃቸውን ያወጣሉ፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ በቃ!» አለ። ሌላው ደግሞ «ቀድሞ የሚያውቁትን ካስተማርክማ ምኑን አስተማርከው?» ብሎ አፋጠጠው። እኔ ዝም ብዬ ሳዳምጥ አንድ እንግሊዛዊ የሮክ ሙዚቀኛ ትዝ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ስብስብ አልበም ምንድን ነው? አንድ ዘፋኝ በተለያዩ ዓመታት ያወጣቸው ዘፈኖች ተለቅመው በአንድ ሸክላ፣ ካሴት ወይም ሲዲ ሲቀርቡ ስብስብ አልበም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ መራጩ አሳታሚው ኩባንያ ነው። መመዘኛውም ግልጽ ነው፤ ብዙ የተሸጠው ይገባል፣ ያልተሸጠው ይቀራል። ዘፋኙ ራሱ ቢጠየቅ ግን የትኞቹን ይመርጥ ነበር?

ዴቪድ ቦዊ ይህን ጥያቄ በተግባር መልሶታል። ቦዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ተወልዶ በ2016 ኒውዮርክ ያረፈ ዝነኛ ሙዚቀኛ ነው። ባለቤቱ ኢማን የጎረቤታችን የሶማሊያ ተወላጅ ናት። በ2008 ሰኔ ወር ውስጥ ራሱ የመረጣቸውን 12 የራሱን ሥራዎች የያዘ ሲዲ ሜይል ኦን ሰንደይ ከተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ጋር ለአንባብያን በነፃ ታደለ። የአልበሙ ስም «አይሴሌክት» ነው፤ «እኔ እመርጣለሁ» እንደማለት ነው። ስለ ዘፈኖቹም አጫጭር ማብራሪያ ራሱ ጻፈ።

ታዲያ ሲዲውን የከፈተ ሰው ምን አገኘ? «ሂሮስ» የለም። «ሌትስ ዳንስ» የለም። «ስፔስ ኦዲቲ»ም የለም። ስሙን በዓለም ያስጠሩት ዘፈኖች አብዛኞቹ ቀርተዋል። በምትካቸው በየአልበሙ ጥግ ተደብቀው የኖሩት ወጥተዋል። ለምሳሌ ከ1979ኙ «ሎጀር» አልበም የተወሰደው «ሬፒቲሽን» ሚስቱን ስለሚደበድብ ሰው የሚናገር፣ ለጭፈራ የማይመች ዘፈን ነው። ከ1980 የመጣው «ቲንኤጅ ዋይልድላይፍ» ደግሞ ሰባት ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ከ1987 ወዲህ ከተሠሩት አንድም አልገባም።

እዚህ ላይ «ይኸ አድማጭን መናቅ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ግን የአንደኛውን ዘፈን ስም ተመልከቱ። «ላይፍ ኦን ማርስ?» ይባላል፤ በ1971 «ሀንኪ ዶሪ» በተባለው አልበም የወጣ፣ ከሁሉም ይበልጥ የታወቀ ነው። የራሱም ታሪክ አለው። ቦዊ በ1968 ለአንድ የፈረንሳይ ዘፈን የእንግሊዝኛ ግጥም ጽፎ ሳይቀበሉት ቀርተው ነበር። በኋላ ለዚያው ዜማ ፖል አንካ ሌላ ግጥም ጻፈለት፤ ፍራንክ ሲናትራም «ማይ ዌይ» ብሎ ዘፈነውና ዓለም አወቀው። ቦዊ ለዚያ መልስ እንዲሆን የሠራው ነው «ላይፍ ኦን ማርስ?»።

እንግዲህ አድማጩን በሚያውቀው ዘፈን ተቀብሎ ወደማያውቀው ይወስደዋል ማለት ነው። ይህ በሥነ ዘዴ ትምህርታችን ቀን ከሌት የሚነገረን «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» አይደለም እንዴ? ሰውየው የማስተማር ዘዴ ባይማርም ሥራውን አውቆበታል።

ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ግን 11ኛው ዘፈን ነው፤ «ታይም ዊል ክሮል» ይባላል። ቦዊ በሚያዝያ 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳለ የቼርኖቤል የአቶም ማመንጫ አደጋ ወሬ ይደርሰዋል። ከዚያ ድንጋጤ የተነሣ ዘፈኑን ጻፈ። በ1987 «ኔቨር ሌት ሚ ዳውን» በተባለው አልበም ወጣ። አቀራረቡን ግን ራሱ አልወደደውም ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሠራሩ ግን ተበላሽቷል ብሎ ስላመነ ለዚህ ስብስብ በ2008 ማሪዮ ማክነልቲ በተባለ ባለሙያ እንደገና አሠራው። ከበሮው አዲስ ተመታ፣ የክር መሣሪያዎችም ተጨመሩ። ከ21 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የቀረው አልበም ደግሞ እሱ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2018 በዚሁ መንገድ ታደሰ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸኛው እኛንም ይመለከታል። በ1977 ዓ.ም. ሐምሌ 6 ቀን፣ በአገራችን ረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ዝግጅት ተካሂዶ ነበር። ቦዊ ለንደን በዌምብሌይ ስታዲየም ከሚዘፍናቸው አንዱን ሠርዞ፣ በዚያ ደቂቃ የረሃቡን ገጽታ የሚያሳይ ፊልም ለተመልካች እንዲቀርብ አደረገ። ዓለም በቴሌቪዥን እያየው የራስን ዘፈን መተው ቀላል አይደለም። መምረጥ ማለት ለካስ የሚተወውንም ማወቅ ኖሯል።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። እኔ በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት ለአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ አስተምሬ ነበር። በመጨረሻ «ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ሁለት አምስተኛ!» አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ጥፋቱ ግን የልጆቹ አልነበረም። እኔ ሕጉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ቅዱ» ከማለት በቀር ምንም አላሳየሁም። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ተጨምሮ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይገኛል? ይህን ብጠይቃቸው ኖሮ ራሳቸው ይደርሱበት ነበር።

ስለዚህ ለግምገማው የመረጥኩት ያንኑ የከሸፈውን ትምህርት ነው። ሁለት እኩል ድፎ ዳቦ ይዤ እገባለሁ። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን ግማሽ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ሲሶውን። ሁለቱንም በስድስተኛ ከፋፍለን ስንቆጥር ሦስትና ሁለት፣ አምስት ስድስተኛ ይሆናል። ገምጋሚው ምን ነጥብ እንደሚሰጠኝ አላውቅም፤ ጓደኞቼም «አበድክ እንዴ?» ብለውኛል። ሊሆን ይችላል። ግን የተሳካልኝን ብቻ መርጬ ብገባ ያ ክፍል «ሁለት አምስተኛ» እንዳለ ይቀራል።

እናንተስ የትኛውን መረጣችሁ? በሚቀጥለው እትም ጻፉልን። መልካም የልምምድ ጊዜ!