የኋላው በር ሲከፈት፦ ለፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ አንድ ቲያትር ቤትና የተውኔት ንባብ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ተውኔት ሲጠና ትኩረቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በጽሑፉ ላይ ነው። ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ግጭቱና ቃለ ተውኔቱ ይተነተናሉ፤ ተውኔቱ የቀረበበት ቤት ግን ሳይነሣ ይታለፋል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ተውኔት ከቤቱ ተነጥሎ በቅጡ ሊነበብ አይችልም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮች መካከል፣ ቡሳን በተባለች መንደር የሚገኘው «የሕዝብ ቲያትር» ነው።

መሥራቹ ሞሪስ ፖትሼር (እ.ኤ.አ. 1867–1960) ጸሐፌ ተውኔት ነበር። አባቱ በዚያው መንደር የፋብሪካ ባለቤት ነበሩ፤ የአካባቢው ነዋሪም ከፊሉ ገበሬ፣ ከፊሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የፓሪስ ቲያትር የባለጸጎች የምሽት መዝናኛ ብቻ ሆኗል ብሎ ያመነው ፖትሼር ወደ ትውልድ ቦታው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1895 የመጀመሪያውን ተውኔት በሜዳ ላይ አሳየ። የተውኔቱ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አረቄ ሻጩ ሰይጣን» እንደማለት ነው፤ ጉዳዩም የመጠጥ ሱስ ነበር። የባለፋብሪካ ልጅ ለሠራተኛ ስለ አረቄ ክፋት ሲሰብክ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እኔም እጠረጥራለሁ። ነገር ግን መድረኩ ላይ የወጡት ራሳቸው ሠራተኞቹ፣ የመንደሩ ሰዎችና የፖትሼር ቤተሰቦች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ተዋናይት የነበረችው ባለቤቱ ካሚይ ትገኛለች። ተመካሪው ራሱ መካሪ ሆኖ ሲቆም ስብከቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ወደ ቤቱ እንመለስ። በመጀመሪያ የነበረው መድረኩ ብቻ ሲሆን ተመልካቹ ሰማይ ሥር ይቀመጥ ነበር። ጣሪያውና ግድግዳው በየጊዜው እየተጨመሩ የመጡ ናቸው፤ ስለሆነም ሕንፃው በአንድ ንድፍ ተሠርቶ ያለቀ ሳይሆን ከተመልካቹ ጋር ያደገ ነው ማለት ይቻላል። የተሠራው በእንጨት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ትልቅ የገበሬ ጎተራ ይመስላል። ወርቅ ቅብና ከፋይ የለበሰ ወንበር የለውም፤ መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ ነው። ከመድረኩ በአንዱ ወገን «በጥበብ»፣ በሌላው ወገን «ለሰብአዊነት» የሚል ትርጉም ያላቸው ቃላት ተጽፈዋል።

ዋናው ምሥጢር ያለው ግን በስተኋላ ነው። የመድረኩ የኋላ ግድግዳ ትልቅ በር ነው፤ ሲከፈት ዳገቱና ደኑ ከነብርሃኑ ወደ ትእይንቱ ይገባል። የደራሲው ሥራ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ዛፍ በሚታይበት መድረክ ላይ በሸራ የተሣለ ዛፍ ሐሰትነቱ ይጋለጣል። በሩ መቼ ይከፈት የሚለው ጥያቄም የገቢር አከፋፈልን ያህል ክብደት ያገኛል፤ ቶሎ ከተከፈተ ኃይሉ ያልቃል፣ ሳይከፈት ከቀረም ይህንኑ ሲጠብቅ የቆየው ተመልካች ቅር ይለዋል። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1976 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዛሬም በበጋ ሙያተኞችና አማተር ተዋንያን አብረው ይጫወቱበታል።

የኛ ታሪክ የተነሣው ከሌላ ቤት ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» የታየችው በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል፣ በመኳንንትና በእንግዶች ፊት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ለኢዮቤልዩ በዓል የተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነው። ሲኒማ የሚፈልገው ጨለማና የተዘጋ ግድግዳ ነው፤ ተውኔቶቻችን ሳሎን ውስጥ መቀመጥ የሚያዘወትሩት በከፊልም ቢሆን ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ልጅ ግን የተከፈተ ግድግዳ እንግዳ ነገር አይደለም። የሠርግ ዳስ እንግዳ ሲበዛ ጎኑ ይከፈታል፤ አዝማሪውም ፊቱን ወደ ተከፈተው ወገን መልሶ ይዘፍናል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ለዚያ ሠራተኛ ተውኔት ልጽፍ የሚል ተማሪ ገጸ ባሕርያቱን ከመሰየሙ በፊት ዳሱ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ከበስተኋላውም ማሳ ይሁን የፋብሪካው አጥር ምን እንደሚታይ በመድረክ መግለጫው ላይ ቢያሰፍር ከቡሳን የተሻለ መነሻ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።