ለቁጥር ስም ስለ ማውጣት

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው «02 ወራጅ አለ» ቢል ረዳቱ ወዲያው ያስቆምለታል። ያው ሰው በሌላ ሠፈር «02» ቢል ግን የሚገባው የለም፤ ቀበሌ 02 በሌላም ወረዳ ነበረና። እንግዲህ ቁጥር ትርጕም የሚያገኘው ከቦታው ነው ማለት ነው። ድራይቨር የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒዩተርንና መሣሪያን የሚያነጋግረውን ፕሮግራም ስናጸዳ ልናስበው የሚገባንም ይኸው ነው።

16550 የተባለውን የሲሪያል መስመር ቺፕ እንመልከት። ቺፑ የመስመሩን ሁኔታ በአንድ ሬጅስተር ውስጥ በቁጥር ያስታውቃል። 1 «መልእክት ደርሷል»፣ 2 «ሳይነበብ ሌላ ደርሶ መልእክት ጠፍቷል»፣ 16 ደግሞ «መስመሩ ከአንድ ፊደል ጊዜ በላይ በዜሮ ቆሟል» ማለት ነው፤ ይህ የመጨረሻው ብሬክ ይባላል። ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ 3 ቢመጣ 1ም 2ም አሉበት። ስለዚህ «2 ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም 3 ሲመጣ የጠፋውን መልእክት ሳያይ ያልፋል፤ «2 አለበትን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

አሁን በድራይቨሩ ውስጥ 16 የሚለው ቁጥር በሦስት ስፍራ ተጽፎ አገኘን እንበል። አንዱ ብሬክ ነው። ሁለተኛው ቺፑ በመጠባበቂያው የሚይዘው የባይት ልክ ነው፤ እርሱም 16 ነው። ሦስተኛው በሊኑክስ «መሣሪያው ተይዟል» የሚለው የስሕተት ቁጥር ነው። ለመፍጠን ብለን ሦስቱንም በአንድ ትእዛዝ «የመጠባበቂያ ልክ» ብንላቸው ፕሮግራሙ ለጊዜው እንደ ወትሮው ይሠራል። ነገር ግን 64 ባይት የሚይዝ ቺፕ ሲመጣ ሌላው ወንድማችን ወይም እኅታችን ልኩን 64 ያደርገዋል። በሁኔታው ሬጅስተር ደግሞ 64 «ላኪው ባዶ ነው» ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ልኮ በጨረሰ ቍጥር ብሬክ የመጣ ይመስለዋል። እንጦጦ ላይ እንዳሉት ቴሌስኮፖች ያለ ትልቅ መሣሪያ በእንዲህ ዓይነት መስመር ቢታዘዝ ሌሊቱ በከንቱ ያልፋል፤ ሰውም የሚመረምረው ገመዱን እንጂ ስሙን አይደለም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር በየቦታው «አንተ ምንድን ነህ?» ብለን እንጠይቀው። ስሙም ከትርጕሙ ይውጣ፤ 16ን «አሥራ ስድስት» ብሎ መጥራት ስም ማውጣት አይደለም። ሥራው ሲያልቅ የፊተኛውንና የኋለኛውን ተርጕመን የማሽን ትእዛዛቸውን እናስተያይ፤ የለወጥነው ስም ብቻ ከሆነ አንድ መሆን አለባቸው። ይህ ፈተና ግን የስሙን እውነተኛነት አይመሰክርም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቁጥርን ስም የምናወጣው ግን እኛው ስለ ሆንን ሳንመረምር አንሰይም።