ከ45 ቀን በኋላ የሚገለጥ በሽታ

ናይሮቢ ውስጥ፣ ከካሩራ ጫካ አጠገብ፣ ጊጊሪ የሚባል ሰፈር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020፣ ዓለም ኮሮናን ፈርቶ በሩን በዘጋበት ወቅት፣ ፕሮግራሙ አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላም ግቢ ካለው ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር አንድ ሪፖርት አወጣ። ከሚታወቁት የሰው ተላላፊ በሽታዎች 60 በመቶው፣ አዲስ ከሚከሰቱት ደግሞ 75 በመቶው ከእንስሳት እንደሚመጡ ያስታውሳል።

ሰውን የማይዝ በሽታ ግን ይህን ያህል ጠያቂ የለውም። ማሬክ ከነዚህ አንዱ ነው። ዶሮ ይጨርሳል፣ ሰውን አይነካም፤ ወሬውም ከዶሮ ቤቱ አጥር አያልፍም።

ማሬክ የዶሮ ካንሰር ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነጭ የደም ሕዋሳትን ለውጦ በነርቭ፣ በጉበትና በጣፊያ ላይ ዕጢ ያበቅላል። ምልክቱን አንዴ ያየ አይረሳውም፦ ቄቧ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ትተኛለች። እ.ኤ.አ. በ1907 መጀመሪያ የገለጸው የሃንጋሪው የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ ነው። በዓመቱ ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ዴንማርካውያን ሉኮሲስ የተባለው ሌላው የዶሮ ደም ካንሰር ከዶሮ ወደ ዶሮ እንደሚተላለፍ አሳዩ። ፔይተን ራውስም በ1911 የዶሮ ዕጢ በቫይረስ እንደሚመጣ አረጋገጠ። ኖቤል የተሸለመው ግን በ1966 ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት! የዶሮ ነገር ቶሎ ሰሚ አያገኝም።

እኛም ዘንድ ማሬክ እንግዳ አይደለም። በመካከለኛው ኢትዮጵያ የተነሳ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2004 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። መንደር ውስጥ ግን ዶሮ በሞተ ቁጥር «ፈንግል ነው» ይባላል። ፈንግል መንጋውን በቀናት ውስጥ ይጠርጋል፤ ማሬክ ዛሬ አንዷን፣ ከሳምንት በኋላ ሌላዋን እያለ ይለቅማል። ስለዚህ «ዓይን በላት» የሚለውም አይጠፋም።

መከላከያው እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ አለ፤ ካንሰርን በመከላከል የመጀመሪያው ውጤታማ ክትባትም እሱ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቫይረሱ ከላባ ሥር በሚረግፈው ብናኝ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ጫጩቷ እንደተፈለፈለች ትተነፍሰዋለች። ክትባቱም በመጀመሪያው ቀን፣ በመፈልፈያው ጣቢያ መሰጠት አለበት። ጠንካራው ዓይነት በፈሳሽ ናይትሮጂን የሚቀመጥ ሲሆን ከቀለጠ በኋላ ብዙ አይቆይም። የገጠር ባለዶሮ ቤቷ ወስዳ ልትከትብ አትችልም።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን የዶሮ ገበያ ከበሽታው ጋር የሚገጣጠመው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ይበልጥ በተስፋፋው አሠራር፣ የአንድ ቀን ጫጩት አሳዳጊ ዘንድ ይቆይና በ45 ቀኑ ገደማ ለቤተሰብ ይሸጣል። ማሬክ በአብዛኛው የሚታየው ከሁለት እስከ አምስት ወር ባለው ዕድሜ ነው። ጣቢያው ሳይከትብ ቢቀር፣ አሳዳጊው ሸጦ ገንዘቡን ከቆጠረ በኋላ የምታለቅሰው ገዢዋ ናት። መኖ ገዝታ፣ እንቁላል ልትለቅም ስትል።

ክትባቱም ቢሆን ጉድለት አለው። ዕጢውን ይከላከላል እንጂ ቫይረሱን አያቆምም። የአንድሩ ሪድና የባልደረቦቹ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳየው፣ የተከተቡ ዶሮዎች ሳይሞቱ አደገኛውን ዓይነት ይዘው ሊያሰራጩ ይችላሉ። ያልተከተበ የአገር ጫጩት ከእነሱ ጋር መቀላቀል አሳልፎ መስጠት ነው።

ቸል የተባለ በሽታ እንደሚስፋፋ በላሞችም ታይቷል። የላሞች ሉኮሲስ የሚመጣው ከሌላ ቫይረስ ነው፤ በአንድ መርፌ ተራ በተራ ሲወጉ በደም ይተላለፋል። ብሪታንያ እየመረመረችና እያስወገደች እ.ኤ.አ. በ1999 ነጻ ወጣች። አሜሪካ ግን ተወችው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወተት እርባታዎቿ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ያለባቸው ላሞች ነበሯቸው።

ለዶሮው መፍትሔው ውድ አይደለም። የመፈልፈያውን ጣቢያና የክትባቱን ቀን የያዘ አንዲት ወረቀት ከእያንዳንዱ የ45 ቀን ዶሮ ሽያጭ ጋር ትሰጥ። ግብርና ጽሕፈት ቤቶች እስኪያስገድዱ ድረስ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት እናንተው ጠይቁ፦ «በመጀመሪያው ቀን የማሬክ ክትባት ወስደዋል ወይ?»